የአኒሜ ዲስክ ለመግዛት፦ የጃፓኑ፣ የአሜሪካው ወይስ የእንግሊዙ እትም?

አንድ ዓይነት አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) በሦስት አገር በሦስት የተራራቀ ዋጋ ሲሸጥ ያየ ገዢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው የምስሉ ጥራት ሳይሆን አከፋፋዩ በልቡ ያሰበው ገዢ ነው።

በጃፓን እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚተላለፉ አኒሜዎች ለረጅም ዘመን ወጪያቸውን ለመመለስ ተስፋ ያደረጉት በዲስክ ሽያጭ ላይ ነበር። ስለዚህ ዋጋው የተተመነው ለብዙኃኑ ሳይሆን ለጥቂት ጽኑ አፍቃሪዎች ነው። አንዱ ዲስክ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ይይዛል፤ ከ6,000 እስከ 8,000 የን ያወጣል። 12 ክፍል ያለው ሥራ በ6 ዲስክ ሲከፋፈል ጠቅላላው ሂሳብ 40,000 የን ገደማ ይደርሳል። በእርግጥ ገዢው ባዶ እጁን አይቀርም። የመጀመሪያው ዙር ልዩ እትም አዲስ የተሣለ ሽፋን፣ ንድፎችና ቃለ ምልልሶች ያሉበት ቡክሌት፣ የሙዚቃ ሲዲ፣ አንዳንዴም የድምፅ ተዋንያኑ በሚገኙበት ዝግጅት ላይ ለመታደም ዕጣ የሚያስገባ ወረቀት አለው። እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ ነገር ያስደስተኛል። ነገር ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ስለሌለው፣ ጃፓንኛ ለማይችል ሰው ከአንድ እጅግ ከሚወደው ሥራ በስተቀር አልመክርም።

የአሜሪካው መንገድ ብዙ ተለዋውጧል። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ገዢው በእንግሊዝኛ ድምፅ የተቀዳውን ወይም የግርጌ ጽሑፍ ያለውን መምረጥ ነበረበት፤ ዲቪዲ ሁለቱንም በአንድ ዲስክ አገናኘ። ካውቦይ ቢባፕን እንውሰድ። 26 ክፍሎቹ በጃፓን በ9 ዲቪዲ ሲወጡ በአሜሪካ በ6 ተጠቃለሉ። በዚያ ዘመን ብዙ አከፋፋዮች የመጀመሪያውን ዲስክ ከአንድ ሰፊ የካርቶን ሳጥን ጋር ይሸጡ ነበር። ሳጥኑ ለሁሉም ዲስኮች የሚበቃ ስለሆነ ገዢው መደርደሪያው ላይ ባስቀመጠው ቁጥር ባዶው ቦታ ቀጣዩን ግዛ ይለዋል። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ አደጋው ግን በገዢው ላይ ወደቀ። ጄኔዮን የተባለው አከፋፋይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ሥርጭቱን ሲያቆም አንዳንድ ሥራዎች በመሀል ተቋረጡ፤ ሌላ አከፋፋይ ፈቃዱን እስኪወስድ ድረስም ሳጥናቸው ጎደሎ የቀረባቸው ነበሩ። በክፍል በክፍል የሚወጣ ነገር እንዳትጀምሩ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ የተለመደው 12 ወይም 13 ክፍል በአንድ ሳጥን መሸጥ ነው። ለአብዛኛው ገዢ፣ ለእኔም ጭምር፣ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ከዚህ የሚለዩ ሁለት አከፋፋዮችን ማወቅ ይጠቅማል። አኒፕሌክስ ኦፍ አሜሪካ ወደ ጃፓኑ ዋጋ የሚጠጋ አተማመን ስላለው አንድ ሳጥኑ ከ100 ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ዲስኮቴክ ሚዲያ ደግሞ ለቆዩ ሥራዎች የታመነ ነው፦ በዲቪዲ ጥራት የተሠሩ በርካታ ክፍሎችን በአንድ ብሉሬይ (ከዲቪዲ ይልቅ ብዙ በሚይዝ ዲስክ) ላይ ጠቅጥቆ ስለሚያወጣ፣ ረጅም ተከታታይ ፊልም በጥቂት ዲስክ ያልቃል።

በእንግሊዝ አኒሜ ሊሚትድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ጠንካራ ሳጥንና ቡክሌት ያለውን የሰብሳቢ እትም፣ ቆይቶ ደግሞ ተራውን ያወጣል። ለሳጥኑ የማይጓጓ ሰው ቢታገሥ ይጠቀማል።

ዋጋ ከማወዳደር በፊት ግን ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚያሳየው የክልል ምልክት ይታይ። በብሉሬይ ጃፓንና አሜሪካ አንድ ክልል፣ ‹ኤ› ናቸው፤ አኒፕሌክስን የመሰሉት ዋጋ የማይቀንሱበት አንዱ ምክንያትም ጃፓናዊው ገዢ ርካሹን ከአሜሪካ እንዳያስመጣ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ኢትዮጵያ ‹ቢ› ውስጥ ስለሚገኙ፣ ዱባይ ወይም አዲስ አበባ በተገዛ ማጫወቻ የእንግሊዙ ብሉሬይ ይሠራል፤ በክልል የተቆለፈ የአሜሪካ ዲስክ ግን አይከፈትም። በዲቪዲ አከፋፈሉ ይለያል፦ አሜሪካ 1፣ ጃፓን፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 5 ናት። ስለዚህ ከለንደን ለአዲስ አበባ ዘመድ ዲቪዲ የሚልክ ሰው፣ ተቀባዩ ሁሉንም ክልል የሚያነብ ማጫወቻ እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ።