የአያቴን የባሕር ኃይል ዘመን በፊልም ላስቀረልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

አያቴ ከ1958 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በሞተር ክፍል ያገለገሉ ባሕረኛ ናቸው። ሰማንያኛ ዓመታቸውን ሲይዙ ታሪካቸው ሳይነገር እንዳይቀር በማለት የአርባ ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም አሠርተንላቸዋል፤ ይህን ጽሑፍ የማቀርበውም ፊልሙን የቀረጸውንና ያቀናበረውን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ ለወላጆቻችሁና ለአያቶቻችሁ ተመሳሳይ ነገር ለማሠራት ለምታስቡም ለመጠቆም ነው።

ከእሱ በፊት ሥራውን ለሌላ ስቱዲዮ ሰጥተን ነበር። ለናሙና ያሳዩን ቅጂ ከበሮና ጥሩንባ በሚያስተጋባ ሙዚቃ የሚጀምር፣ ግዙፍ የጦር መርከቦች በማዕበል መካከል ሚሳይል ሲያስወነጭፉ የሚያሳይ ነበር። አያቴ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ተመልክተው፣ «ይህ የማን መርከብ ነው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው ስላልነበረ የከፈልነውን ቀብድ ትተን ወጣን።

አሁን የማመሰግነው ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ካሜራም ሳይዝ ነበር ቤታችን የመጣው። ቡና እየጠጣ ሲያጫውታቸው ቀኝ ጆሯቸው ጨርሶ እንደማይሰማ አስተዋለ፤ ለዓመታት በናፍጣ ሞተር አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮው ይጎዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ጥያቄዎቹን በካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር ጽፎ ይዞ መጣና በግራቸው በኩል ተቀምጦ አንድ በአንድ ያሳያቸው ጀመር። ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ «ሞተር ክፍል ውስጥ እንዴት ትግባቡ ነበር?» የሚል ተጽፎ ነበር። አያቴ በቃል አልመለሱም። እጃቸውን አንስተው «ፍጥነት ቀንስ»፣ «ዘይቱን እየው»፣ «ውጣ» የሚሉትን ምልክቶች በተከታታይ አሳዩ። እኛ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይህን በሕይወታችን አይተን አናውቅም፤ ፊልሙም የሚጀምረው በእነዚያ እጆች ነው።

በአልበማችን ውስጥ ነጭ የባሕረኛ ልብስ ለብሰው በመርከብ ፊት ለፊት የቆሙበት አንድ የደበዘዘ ፎቶ ነበር። የትኛዋ መርከብ እንደሆነች በዓይናቸው ድካም የተነሳ ሊለዩ አልቻሉም። ባለሙያው ፎቶውን ከአልበሙ ሳይነቅል በጥራት ስካን አድርጎ ንፅፅሩን ሲያስተካክል፣ በመርከቧ አፍንጫ ላይ 01 የሚል ቁጥር ወጣ፤ መርከቧም «ኢትዮጵያ» ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ተብላ በፓስፊክ ውቅያኖስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ረዳት መርከብ የነበረች፣ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ የማሠልጠኛ መርከብ የሆነች ናት። እሱም በቀድሞ ስሟ ፈልጎ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያነሳቸውን ፎቶዎች አገኘና፣ የመንግሥት ሥራ ስለሆኑ በአጠቃቀማቸው ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንደማይነሳ አስረድቶ በፊልሙ ውስጥ አስገባቸው። በስቱዲዮው ሚሳይልና በእነዚህ ፎቶዎች መካከል ያለው ልዩነት ሥራውን እንድወድለት ያደረገኝ ዋነኛ ምክንያት ነው።

ሌላው ከአያቴ ለእናታችን የተላከው ካሴት ነው። በዚያ ዘመን የባሕር ኃይሉ ሰፈር ከነበረባት ከምፅዋ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፅ ቀርጾ በሰው እጅ መላክ የተለመደ ነበር። ካሴቱ ለረጅም ጊዜ በሳጥን ውስጥ በመቆየቱ ክሩን ወደ ቴፑ «ሄድ» (ድምፁን ከክሩ ወደሚያነብበው ክፍል) የሚገፋው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ ስለነበር ድምፁ ታፍኖ ይሰማ ነበር። ባለሙያው ክሩን አውጥቶ በሌላ ካሴት ቀፎ ውስጥ ካስገባው በኋላ የቴፑን ሄድ በአልኮል ጠርጎ በአንድ ጊዜ ቀዳው፤ ደጋግሞ ማጫወት ክሩን እንደሚጎዳውም ነገረን። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳው አያቴ ስለ ሙቀቱ ሲያማርሩ፣ ከበስተጀርባም ሰው ሲስቅ ይሰማል።

ስለ ጦርነቱ ያለው ክፍል አጭር ነው። ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ሻዕቢያ በሳሊና የጨው ማምረቻ በኩል የባሕር ኃይሉን ሰፈር ሲያጠቃ አያቴ በአንድ የጥበቃ ጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ «ጦርነቱን አላየሁትም፣ በብረቱ በኩል ነው የሰማሁት» ይላሉ። ከዚያ ቀጥለው ከአንድ መሶብ አብሯቸው ስለበላና ኋላ በሌላው ወገን ስለተሰለፈ አንድ የምፅዋ ልጅ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ ሲጨርሱ ግን የልጁ ስም እንዳይወጣ ለመኑ። ከቀረጻው ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነበር። ባለሙያው ስሙ የተጠራበትን ሁሉ ቆርጦ አወጣው፤ ሳይቆረጥ የቀረ ቅጂ በእሱ ዘንድ እንደሌለም አያቴ ፊት ፋይሉን አጥፍቶ አሳያቸው።

መርከቧ «ኢትዮጵያ» በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከሸሸች በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች። ባለሙያው ለዚህ ቦታ የሌላ መርከብ ሞተር ድምፅ ከኢንተርኔት አግኝቶ አስገብቶ ነበር። አያቴ መዳፋቸውን በስፒከሩ ላይ አሳርፈው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «ይሄ የእኛ አይደለም፤ የእኛ እንዲህ አይንቀጠቀጥም» አሉ። ድምፁ ወጣ፣ ቦታውም ጸጥ እንዳለ ቀረ።

ጉድለቱንም ልናገር፦ ባለሙያው ቀርፋፋ ነው። ለፋሲካ ይደርሳል የተባለው ሥራ የደረሰው ጳጉሜን ላይ ነው፤ ስልክም ቶሎ አያነሳም። ክፍያውን ግን በጽሑፍ ተዋውሎ ግማሹን ሲጀምር፣ ግማሹን ሲያስረክብ ይቀበላል፤ ያልታረመ ቀረጻችሁንና የተቀዳውን ካሴት ጭምር በሃርድ ዲስክ ይሰጣችኋል። ብቻውን ስለሚሠራ ስልኩ በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈቀደም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ፎቶዎችን ከአልበም አትንቀሉ፣ የቆየ ካሴትም ካላችሁ «እስቲ ይሠራል ወይ» ብላችሁ ቴፕ ውስጥ አትክተቱ።