ኮርስ ብስክሌት ለመቀየር ላሰባችሁ፦ ምስጋና እና ጥቆማ ስለ አንድ መካኒክ

ሰላም ወዳጆች። አንድ ሰው በይፋ ማመስገን ስላለብኝ ነው ይህን የምጽፈው። ከመርካቶ ወጣ ብሎ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑ አባት አሉ። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲያው ነው የምጠራቸው። ስማቸው በየስልኩ እንዲዞር አይፈልጉም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ቦታውን እንድጠቁም ፈቅደውልኛል።

የቆየ የብረት ኮርስ ብስክሌት (ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት) አለኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም እወጣበታለሁ፤ ጊዜ ሲኖረኝ ሱሉልታ እደርሳለሁ፤ ሲመቸኝም በዱከም አድርጌ ቢሾፍቱ። ማርሹ አልቆ ነበር፤ ፍሬሙ (ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚገጠምበት ዋናው አካሉ) ደግሞ ከ23 ሚሊሜትር የሰፋ ጎማ አያስገባም። ስለዚህ ልቀይር አሰብኩ። ከውጭ የገባ ያገለገለ የካርቦን (በሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ክር የተሠራ) ፍሬም የሚሸጥ ሰው ተገኘ፤ ዋጋውም ያጓጓል። ሻጩ ለመካኒክ ላሳየው ስለው አልከለከለኝም፤ ይዤው ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ ዋጋውን አልጠየቁኝም። ፍሬሙን ወደ ፀሐይ አወጡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፣ ከዚያ በአንድ ብር ሳንቲም ከላይ እስከ ታች ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉት። እኔንም ጆሮህን አቅርብ አሉኝ። በአብዛኛው ቦታ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከፔዳሉ መቀመጫ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው የግራ ቱቦ ላይ ግን ድንገት ታፈነ። እዚያው ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ቀለሙ ላይ ትታያለች። «ይሄ የቀለም ስንጥቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ውስጡም ተላቆ ሊሆን ይችላል። ሳንቲም ጥርጣሬ ያመጣል እንጂ አይፈርድም፤ እኔ ደግሞ ያላወቅሁትን ነገር ግዛ አልልህም ልጄ» አሉኝ።

የኮርቻውን ዘንግ ሲያወጡት ደግሞ በብዙ ትግል ነው የወጣው፤ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዟል። ያን ጊዜ ነው አሉሚኒየም ዘንግ ካርቦን ፍሬም ውስጥ ያለ መለያ ቅባት ለዓመታት ሲቀመጥ፣ እርጥበትና ላብ ሲገባበት፣ አሉሚኒየሙ እየተበላ እንደሚጣበቅ ያስረዱኝ። ያገለገለ ካርቦን የምትገዙ ሁሉ፣ ሌላ ምንም ባታዩ የኮርቻው ዘንግ እንደሚንቀሳቀስ አረጋግጡ።

ከዚያ ሻይ አስመጡና ስለ ፍሬም ማስተማር ጀመሩ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት «ብረት፣ አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚያች በርጩማ ላይ ነው።

ብረት ከባድ ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.8 ግራም ያህል ይመዝናል። አሉሚኒየም 2.7 ገደማ ነው፣ ሲሶ ማለት ነው። ነገር ግን ግትርነቱም የብረት ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው የአሉሚኒየም ፍሬም ቱቦው ወፍራም የሆነው፤ እንደ ብረቱ ቢቀጥን ይለመጥ ነበር። ከክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት) ብረት የተሠራ ጥሩ ፍሬም 2 ኪሎ ገደማ ይመጣል፣ አሉሚኒየም ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ፣ ጥሩ ካርቦን 1 ኪሎ አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች። ቲታኒየም አይዝግም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ዋጋው ግን ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ ስላልሆነ ብዙም አላወራንበትም።

ክብደቱን ሲነግሩኝ ልቤ ወደ ካርቦኑ ተመለሰ። ጋሼ ግን ወረቀት አውጥተው አሰሉልኝ። እኔ፣ ብስክሌቱና ውሃው አንድ ላይ 80 ኪሎ ገደማ ነን። ፍሬሙ 600 ግራም ቢቀንስ ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ ትርፉ 15 ሰከንድ አይደርስም። «ለውድድር 15 ሰከንድ ብዙ ነው። አንተ ግን የምትፈልገው ሳትወርድ እንጦጦ መድረስ ነው፤ እሱን የሚሰጥህ ማርሽ ነው» አሉኝ። የድሮው ብስክሌቴ ፊት ትንሹ 39 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 25 ነበር፤ አንድ ዙር ፔዳል 3 ሜትር ከ30 ገደማ ያስኬዳል። ፊት 34፣ ኋላ 32 ሲሆን ግን 2 ሜትር ከ20 ያህል ብቻ ነው። ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ሳስቶ ዳገት ለምንገፋ ሰዎች ይህ ልዩነት ከየትኛውም ፍሬም ይበልጣል።

ስለ ምቾትም ጠየቅኳቸው፤ ብረት ለስላሳ ነው፣ አሉሚኒየም ያንቀጠቅጣል ይባላልና። በጥሩ አሠራር በተሠሩ ፍሬሞች መካከል ያለው ልዩነት ጎማ ከሚያመጣው ልዩነት ጋር አይወዳደርም አሉኝ። 28 ሚሊሜትር ጎማ በተመጣጠነ ነፋስ ከ23ቱ ይልቅ ጉድጓዱን ይውጣል። ስለዚህ ፍሬም ስትመርጡ «ምን ያህል ሰፊ ጎማ ያስገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛን አስፋልት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሌላው ጥገና ነው። የብረት ፍሬም ቢሰነጠቅ ጎበዝ በያጅ መልሶ ይሠራዋል። አሉሚኒየም ሲበየድ ግን ሙቀቱ ያረፈበት ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፤ እንደ 6061 ያለው ዓይነት ደግሞ ከብየዳ በኋላ እንደገና በእቶን መታከም አለበት። ስለዚህ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም በየሠፈሩ አስበይዳችሁ ቁልቁለት እንዳትወርዱበት። ካርቦን ይጠገናል፤ ግን ሙያው የተለየ ነው። ጋሼ ራሳቸው «እኔ ካርቦን አልጠግንም፣ አልተማርኩትም» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ሁሉን እችላለሁ ከሚል መካኒክ ይልቅ ይህን የሚል ሰው ጋ ብስክሌቴን ባሳድር እመርጣለሁ።

ወጣቶቹ ካርቦን ቢመኙ አይደንቅም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ሲያሸንፍ፣ ሁለቱም የነዱት ካርቦን ነው። ጋሼ ስለ እነሱ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ግን እንዲህ ይላሉ፦ «የእነሱ ብስክሌት ቢሰበር ከኋላቸው መኪና ላይ ሌላ ተጭኖ ይጠብቃል። ያንተ ቢሰበር በታክሲ ነው የምትመለሰው።» አሉሚኒየም የጀማሪ ነው ለሚሉም መልስ አላቸው፦ ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ቢያንኪ በተባለ አሉሚኒየም ብስክሌት ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ካርቦን የሆነ አሉሚኒየም ፍሬም፣ 28 ጎማ የሚያስገባ፣ የፔዳሉ ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር ነው። ያለ ጥርስ በግፊት የሚገባው ዓይነት ኩሽኔታ ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፣ መለዋወጫውም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ይህን አስምሩበት፤ ፍሬም ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫው በከተማችን መኖሩን ጠይቁ።

ልብ በሉ፣ ጋሼ ግድግዳቸው ላይ የሚሸጥ ፍሬም ተሰቅሎ ነበር። «ላንተ ቁመት ትንሽ ነው» ብለው ወደ ሌላ ሱቅ ላኩኝ። ከእኔ ያገኙት የመግጠሚያ ብቻ ነው። የመሪውን ብሎኖች የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ 5 ኒውተን ሜትር ላይ አሰሩ፣ ለምን ከዚያ እንደማይበልጥም አሳዩኝ። የወለቀውን ዕቃ ሁሉ በፌስታል መለሱልኝ፤ እያንዳንዱ ዋጋ በወረቀት ተጽፏል። የቀድሞውን የብረት ፍሬም ደግሞ ዝገቱን አጽድተው ለሥራ መመላለሻ አሰናዱልኝ፤ «ይሄ ገና ብዙ ይሄዳል፣ እንዳትሸጠው» ብለው።

አሁን እንጦጦን ቁጭ ብዬ ነው የምወጣው። ቁልቁለቱንም እጄ ሳይደነዝዝ እወርዳለሁ። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል። የምትገዙትን ፍሬም ከመክፈላችሁ በፊት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተከፈለ በኋላ ምክራቸው ብዙም አይጠቅማችሁም። ያላችሁን ብስክሌትም ይዛችሁ ሂዱ፣ ልካችሁን ከእሱ ነው የሚወስዱት። ለማየት ብቻ ገንዘብ አይቀበሉም፤ እባካችሁ ቢያንስ የሻዩን ሒሳብ እናንተ ክፈሉ።