ሂልስ ሮድ ወይስ ሎንግ ሮድ?

እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ያለው ወላጅ ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚገባባቸው የመንግሥት ኮሌጆች ናቸው፤ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለ የአገሩ ነዋሪ አይከፍልም።

አመጣጣቸውም ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሲደራጁ የወንዶቹ ሁለተኛ ደረጃ ሂልስ ሮድ፣ የሴቶቹ ደግሞ ሎንግ ሮድ ሆነ። የሮክ ባንዱ የፒንክ ፍሎይድ አባላት ሮጀር ዋተርስና ሲድ ባሬት ከዚያ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው የወጡት።

ልዩነቱ ትምህርቱ ላይ ነው። ሂልስ ሮድ በዋናነት የኤ ሌቭል፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያገለግለው ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ይመርጣል፣ ሁለት ዓመት ይይዘዋል፣ ከዚያ ፈተናው ይመጣል። መግቢያው ጠበቅ ያለ ነው፤ ስሙ ስለገነነ ፉክክሩም አይጣል ነው! ሎንግ ሮድም ኤ ሌቭል አለው፤ ሙያ ነክ ኮርሶችንም ግን ይሰጣል። እነዚህ በፈተና ብቻ ሳይሆን በየጊዜው በሚሠሩ ሥራዎችም ይመዘናሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ፈተና የሚያስደነግጠውን ልጅ ለስም ብዬ ሂልስ ሮድ አልልክም። «የእነ እገሌ ልጅ እዚያ ገባ» የሚለው የኛ ሰው ወሬ የልጁን ምርጫ ባይወስን ይሻላል።