«በእጅ የተሸመነ» ተብሎ የተላከልኝ የሐበሻ ቀሚስ፦ 1 ኮከብ

ለአክስቴ ልጅ መልስ ልልበስ ብዬ ነው ያዘዝኩት። 58 ዶላር፣ ከአንድ ትልቅ የኦንላይን ገበያ። ስሙን አልጠራም። ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ልብ ይሰርቃል፤ ነጭ መነን፣ ከደረቱ እስከ ጫፉ የወረደ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት። ከሥሩ «በእጅ የተሸመነ» ይላል። በ58 ዶላር! እኔም ሞኟ አመንኩ።

በ9 ቀን ደረሰ። እሽጉን ስቀደው የፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። ጥለቱ ሽመና ሳይሆን ህትመት ነው። ክሮቹን ሳይቀር ፎቶ አንስተው ጨርቁ ላይ አትመዋቸዋል፣ ከሩቅ ያታልላል፣ በጣት ሲዳሰስ ግን ልሙጥ ነው። ገለበጥኩት። ሸማኔ የሠራው ጥለት በጀርባው ክሩ ሲመላለስ ይታያል፤ የዚህኛው ጀርባ ባዶ ነጭ ነው። ካውያ ገና ሳስጠጋው ተኮማተረ።

ለሻጩ ስጽፍለት «ቀሚሱ እዚያው ይቅር፣ 12 ዶላር እንመልስልዎ» አለኝ። ብሬን በባንኬ በኩል አስመለስኩ።

ፎቶው ግን ከነከነኝ። በምስል ፍለጋ ሳስገባው ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ቀሚስ የምትሠራ ልጅ ገጽ ላይ ወጣ። ጥግ ላይ የነበረውን ስሟን ቆርጠው ጥለውታል። ደወልኩላት። «እህቴ፣ አራተኛዋ ነሽ» አለችኝ እየሳቀች። ጨርቁን ሽሮ ሜዳ ታሸምናለች፣ ስፌቱን እዚሁ ትጨርሳለች።

ገበያው ላይ ሪፖርት ላደርግላት ብሞክር አልተቻለም፤ ባለመብቷ ወይም እሷ የወከለችው ሰው መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ፎቶ ገና ሲነሳ የቅጂ መብት አለው። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ደግሞ ገበያው ከተጠያቂነት ማምለጥ ከፈለገ ጥቆማው ሲደርሰው ምስሉን ቶሎ ማውረድ አለበት። እሷ የጥቆማውን ቅጽ ሞላች፣ ምስሉ በ3 ቀን ወረደ። ለዚህ ክፍል 4 ኮከብ እሰጣለሁ፣ ቅጹ ቀላል ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ «የኔ ነው» ብሎ በቅጹ ከተከራከረና እሷ ካልከሰሰች፣ ምስሉ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ልክሰስ ብትል ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 እንደወሰነው መጀመሪያ መብቷን አስመዝግባ መጨረስ አለባት። ለዚያውም ሻጩ የትኛው አገር እንዳለ ሳይታወቅ።

ጥለቱስ? እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ያው ፍርድ ቤት በ2017፣ በቺርሊደር (ስፖርት ሜዳ ላይ ደጋፊ የሚያነቃቁ ጨፋሪዎች) ልብሶች ክርክር፣ ልብስ ላይ ያለ ንድፍ ከልብሱ ተለይቶ በራሱ እንደ ሥዕል ሊቆም ከቻለ ሊጠበቅ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ልጅቷ ራሷ የፈጠረችው አዲስ ንድፍ ከሆነ የምትይዘው ነገር አላት። አያቶቻችን የለበሱት ጥለት ግን ደራሲው አይታወቅ፣ የጥበቃ ዘመኑም አልፏል፣ ማንም ያትመዋል። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጄኔቫ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ከ2000 ጀምሮ ኮሚቴ አቋቁሞ ይነጋገራል። በግንቦት 2024 የጸደቀው ስምምነት ስለ ጄኔቲክ ሀብት (እንደ ዕፅዋትና እንስሳት ዘረመል ያለ) እና ከሱ ጋር ስለተያያዘ ባህላዊ እውቀት ነው፤ ጥለት እዚያ ውስጥ የለም። ቡናችን እንኳ የተሻለ ዕድል ነበረው። ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች ኢትዮጵያ በ2005 አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፣ በ2007 ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተስማማች። የቡናው ስም ከረጢቱ ላይ ይጻፋል። ለጥለት ምን ብለው ያስመዘግቡለታል?

ለመልሱ የእናቴን አሮጌ ቀሚስ ለበስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ፎቶ በሌላ ሱቅ ስም በ43 ዶላር ተለጥፎ አየሁት፣ አሁን ደግሞ የሞዴሏን ፊት ቆርጠውታል። «የጥለቱን ጀርባ ፎቶ ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም።