ፒያሳ ያለው ትርጉም ቤት፦ ይዘገያሉ፤ ግን ቃል ይፈልጋሉ

የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጀርመን ነው፤ ፍራይቡርግ። 11 ዓመቷ ነው። ጥቁር ደን ውስጥ ስላደረጉት የእግር ጉዞ ለትምህርት ቤት የጻፈችውን አንድ ገጽ ላከችልን። እማዬ «ምን እንዳለች ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች። ወረቀቱን ይዤ ደሴ ፒያሳ ወዳለ ትርጉም ቤት ሄድኩ።

ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ስለሆነ አዛውንት ይዛችሁ አትውጡ። በገጽ 400 ብር ከፈልኩ። ለነገ ይደርሳል ተብዬ በሦስተኛው ቀን ነው ያገኘሁት። ይሄ ቅር ብሎኛል።

በመሃል ግን ተርጓሚው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሊሽቱንግ የሚል ቃል አለ። ደን መሃል ዛፍ የሌለበት ቦታ ነው። ምንጣሮ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት።» ልክ ናቸው። ምንጣሮ ሲባል መጥረቢያ ይታያችኋል፤ ልጅቷ ያየችው ግን ሚዳቋ ሣር ሲግጥ ነው። ሜዳ ቢሉት ደግሞ ደኑ ይጠፋል።

እማዬን ጠየቅኳት። ያደገችው ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ተራራ ሥር ነው። ጥዱ መሃል ፍየል ስትጠብቅ የምትውልበት ቦታ ነበራት። ሳታስብ «ገላጣ ነዋ!» አለች። ስልኩን ሰጠኋት። «እማማ፣ ይባረኩ፣ እሱን ነበር ያጣሁት» ሲሏት ፊቷ በራ።

ወረቀቱን ልወስድ ስሄድ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና አስረዱኝ። ጀርመንኛው ሊሽት ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ብሩህ ማለት ነው፣ ሳሳ ያለም ማለት ነው። ፈረንሳይኛውም ክሌርየር ሲል ክሌር፣ ብሩህ፣ ከሚለው ነው። የኛ ገላጣ ግን ከገለጠ ነው የመጣው። ድስት እንገልጣለን፣ መጽሐፍ እንገልጣለን፣ ምስጢርም ይገለጣል። ገለጸም ወንድሙ ነው፤ ጸሐይና ጠሐይ እንደምንለው። እነሱ የገባውን ብርሃን አይተው ስም አወጡ፣ እኛ የተነሳውን ክዳን። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩትን ቃል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ትርጉሙ ጥርት ያለ ነው፤ የልጅ ለዛዋም አልጠፋም። እማዬ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ገላጣ ላይ ስደርስ በየጊዜው «አዎ፣ እንደሱ ነው» ትላለች።

ቀን የተቆረጠለት የኤምባሲ ወረቀት ካላችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ስጧቸው። ለቤተሰብ ደብዳቤ ግን እኔ ሌላ ቦታ አልሄድም።