ቤት ስትገዙ፦ ደላላ ይበቃል ወይስ ጠበቃም ያስፈልጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የሚስማማችሁን ቤት አግኝታችኋል እንበል። ጠበቃ መያዝ አለባችሁ?

ወጪ፦ ከደላላ ጋር ብቻ ከሆነ ኮሚሽኑን ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። ጠበቃ ከጨመራችሁ የእሱም ክፍያ አለ።

ፍጥነት፦ ደላላ ያጣድፋል፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ጠበቃ ቀናት ሊያቆያችሁ ይችላል።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የካርታውን (የቤቱን የባለቤትነት ማረጋገጫ) ፎቶ ኮፒ ሲያሳይ ደላላው “ችግር የለውም” ይላል። ጠበቃው ግን “ዋናው የታለ?” ብሎ ይጠይቃል። ዋናው እኮ ለብድር ባንክ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ቤቱ እንዳይሸጥ የሚከለክል እግድ መኖር አለመኖሩንም ጠበቃው ያጣራል። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሳሎን ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ብቻ ገንዘቡን የሚያስረክብ ሰው ሳይ ልቤ ይደነግጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። ለዚህ ነው ውልና ማስረጃ የምንሄደው።

ሻጩን በደንብ የምታውቁት ከሆነና ካርታው በስሙ፣ ከዕዳ ነጻ ከሆነ፣ ያለ ጠበቃም ሊያልቅ ይችላል። ቤቱ የውርስ ከሆነ፣ ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወይም እናንተ ውጭ አገር ካላችሁ ግን ጠበቃ ያዙ። እሱም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት።