የባህር አሳ በአዲስ አበባ ቤት፦ ባለ 60 ሊትሩ ወይስ ባለ 200ው?

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሊፍት የለም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በምክንያት ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ስትገዙ ከአሳው ውበት በፊት የሚወስኑት ደረጃው፣ የውሃ ፈረቃውና መብራቱ ናቸው።

ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው። አንዱ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ መብራቱም ፓምፑም አብሮት ያለው ባለ 60 ሊትር። ሌላው እዚሁ መስታወት ቤት የሚሠራው ባለ 200 ሊትር። ሁለቱንም ይዤ አይቻለሁ። ትንሹን ሸጬ ትልቁ ጋ ቀርቻለሁ፣ ስለዚህ ወዴት እንደማደላ ከወዲሁ እወቁት።

«ጀማሪ ስለሆንኩ በትንሹ ልጀምር» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በጨው ውሃ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄዳችሁ ሦስት ቀን ቆያችሁ እንበል። ከ60 ሊትሩ 3 ሊትር ቢተን፣ በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው 37 ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከ200ው እጥፉ፣ 6 ሊትር ቢተን እንኳ 36 ላይ ነው። አንዲት አሳ ድንጋይ ሥር ሞታ ብትበሰብስም ያው ነው፤ ትልቁ ውሃ መርዙን ያሳሳዋል፣ ትንሹ አዳሩን ይበላሻል። በነገራችን ላይ የተነነውን የምትተኩት ጨው በሌለው ውሃ ነው። የጨው ውሃ የሚጨምር ሰው አጋጥሞኛል፣ አሳዎቹ ግን አልቆዩለትም።

ከፍታችንም አለ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባህር ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 5 አካባቢ ነው። የውጭ ሰዎች ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል አሳ ይበቃል ብለው ሲጽፉ ባህሩ አጠገብ ሆነው ነው። እኔ ከሚሉት ላይ ሲሶውን እቀንሳለሁ፣ ፓምፑንም የውሃውን ፊት እንዲያናውጥ ወደ ላይ አዞረዋለሁ።

መብራት የሄደ ቀን ይህ ሁሉ ይብሳል። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ፊት ጸጥ ይላል፣ አየር መግባት ያቆማል። በዚያ ላይ ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ትንሹ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ትልቁ እንደ ድግስ ድስት ሙቀቱን ይዞ ያመሻል። የቱንም ግዙ የቱን፣ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አትርሱ። 2 ዋት ገደማ ነው የምትበላው፣ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ከአንድ ቀን በላይ ያቆያታል። የኮምፒውተር ዩፒኤስም ይሆናል፣ ግን ለጥቂት ሰዓት ነው፣ እሱም ሲጮኽ እንቅልፍ ይነሳል። ማታ ከጠፋ ገንዳውን ጋቢ አልብሱት። አትሳቁ፣ ይሠራል።

ትንሹ የሚያሸንፍበትም አለ፣ ለዚያውም በደንብ። 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። መስታወቱ 45 ኪሎ ገደማ፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲጨመር ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። ሦስት ኩንታል ጤፍ ሳሎን ጥግ ደርድራችሁ ለዓመታት እንደመተው ቁጠሩት። ስለዚህ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከተቻለ ከሥሩ ቢም ያለበት ቦታ ይቀመጥ። እኔ ባስገባሁ ሰሞን ከታች ያሉት እማማ ደረጃ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ እላዬ ላይ ባህር አስቀመጠ አሉኝ፣ እውነት ነው?» እውነት ነበር። ወጥተው ቡና ጠጡ፣ የገንዳውን ሥር በጣታቸው ዳስሰው ደረቅ መሆኑን አረጋግጠው ነው የሄዱት። ተከራይ ከሆናችሁና በየዓመቱ ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ትንሹን ግዙ።

ወጪውም እንደዚያው ነው። የባህር ጨው በሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ይፈልጋል። ትልቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሙላት ከ7 እስከ 8 ኪሎ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ስትቀይሩ በወር 3 ኪሎ ገደማ ይሄዳል። ለትንሹ በወር 1 ኪሎ አይሞላም። «የአፋር ጨው እያለ ምን አስመጣን» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አሞሌም ሆነ የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የባህር ውሃ ውስጥ ደግሞ በሊትር 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 400 ገደማ ካልሲየም፣ ሌላም ሌላም አለ። ለወጡ አድርጉት።

መስታወቱን ላነሳ። የትንሹ ምቾት አውጥታችሁ መሰካት መቻላችሁ ነው፣ ችግሩ ፓምፑ የተበላሸ ቀን ልኩን ማግኘት ነው። ትልቁን አሉሚኒየምና መስታወት የሚሠሩ ልጆች ይሠሩላችኋል፤ 100 በ45 በ45 ሳንቲም በሏቸው፣ 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። እኔ 10 ሚሊ መስታወት አሠራሁ። ልጁ «8 ይበቃል» ብሎኝ ነበር፣ ሊበቃ ይችላል፣ እንቅልፌ ግን ከ2 ሚሊ ይበልጥብኛል። መጨቃጨቅ ያለባችሁ ሲሊኮኑ ላይ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሻጋታ መድኃኒት አለበት፣ አሳ ይገድላል። ለአኳሪየም ይሆናል የሚል የተጻፈበትን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጧቸው። የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ ጋዜጣ ላይ አስቀምጣችሁ ተራ ውሃ ሙሉት። ጋዜጣው በሦስት ቀን ካልረጠበ ወደ ቤት ይገባል።

ማሞቂያ ላይ የኔን ስህተት አትድገሙ። እህቴ ከዲሲ ስትመጣ አምጪልኝ ብያት አንድ ባለ 100 ዋት አመጣች። የእነሱ 110 ቮልት፣ የኛ 220። የሶኬት መቀየሪያ አድርጌ ሰካሁት። ጧ! መስታወቱ ውሃው ውስጥ ለሁለት። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ መቶው ዋት አራት መቶ ሆነ ማለት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የማይሰካ ነገር አምጣልኝ በሉት፦ ሪፍራክቶሜትር (የውሃውን ጨው መለኪያ)፣ የአሞኒያና የናይትሬት መመርመሪያ። የሚሰካውን ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ። ለ200 ሊትር አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከምትገዙ ሁለት ባለ 100 ዋት ግዙ፣ አንዱ ቢነክስና አልጠፋ ቢል አሳውን አይቀቅለውም። ዲቫይደሩን ደግሞ ከገንዳው ሥር አታድርጉት። የጨው ውሃ በሽቦው ላይ ይወርዳል፣ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ያ ቅርፊት ሶኬት ውስጥ ሲገባ ማየት አትፈልጉም። ሽቦው ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፣ ጠብታው እዚያ ላይ ይቀራል።

ውሃውስ? የቧንቧው ክሎሪን አለው፤ ክሎሪኑ ቢወጣም ማዕድኑና ናይትሬቱ ይቀራል፣ አልጌ ይቀልባል። በክረምት ከጣራ የሚወርደውን ማጠራቀም ያጓጓል፣ ግን የቆርቆሮው ዚንክ አብሮ ይወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። የቀረው ባለ 20 ሊትሩ የታሸገ ውሃና አርኦ፣ ማለትም የቧንቧውን ውሃ በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀረው ማጣሪያ ነው። ለትንሹ ያለ ማቅማማት የታሸገው። ሦስት ጀሪካን ትሸከማላችሁ፣ በቃ። ለትልቁ በየሳምንቱ ከቅያሪውና ከሚተነው ጋር 30 ሊትር ገደማ አራት ፎቅ ማውጣት አለ፣ እኔ ሁለት ወር ችዬ ወገቤ እምቢ አለኝ። አርኦ ገዛሁ። እሱም ጣጣ አለው፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ለመስጠት ሦስት አራት ሊትር ይደፋል፣ ፎቅ ላይ ግፊቱ ስለማይበቃው ትንሽ ፓምፕ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የሚደፋውን ዝም ብሎ ማየት ያማል፤ እኔ በበርሜል እየያዝኩ ለወለልና ለሽንት ቤት አደርገዋለሁ። የታሸገውን ከመረጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፣ ናይትሬቱና ጠቅላላ ማዕድኑ ዝቅ ያለውን ምረጡ።

ድንጋይ ላይ ብዙ አላስቸግራችሁም፦ ደረቁን ግዙ። ከባህር ከነባክቴሪያው የሚወጣው ህያው ድንጋይ የኮራል አጽም ስለሆነ፣ ልክ እንደ ጠንካራ ኮራሎች ሁሉ፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይተስ በሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ያለ ፈቃድ ወረቀት አይንቀሳቀስም። በደረቁ የአሳውን ቆሻሻ መርዝ፣ አሞኒያና ናይትራይት የሚባሉትን፣ የሚያከሽፈው ባክቴሪያ እስኪለምድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባዶ ውሃ እያያችሁ ትጠብቃላችሁ። ከሁዳዴ ያጠረ ጾም ነው። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሳይሆን አሳ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ይቅርባችሁ።

አሳውን በተመለከተ ለሁለቱም የምመክረው ጥንድ ክላውንፊሽ (የፊልሙ ኔሞ) ነው፣ ቤት ውስጥ የተፈለፈለ እንጂ ከባህር የተያዘ አይሁን። ሲፈለፈሉ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ከጥንዱ ትልቁ በኋላ ወደ ሴት ይቀየራል፣ ስለዚህ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ምረጡ። በትንሹ ገንዳ እዚያ ላይ አቁሙ። በትልቁ ሦስት አራት ትናንሽ አሳ ትጨምራላችሁ፣ ሮያል ግራማ ጥሩ ነው። ዳምሰል ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን ቀድሞ ከገባ ሌላውን ያሳድዳል። ሰማያዊው ታንግ (የፊልሟ ዶሪ) 30 ሳንቲም ሊደርስ ይችላል፣ ለትልቁም ይበዛበታል፣ ልጆቻችሁ ቢያለቅሱም።

አሳው በላስቲክ ሲመጣ የገንዳውን ውሃ ቀስ ብሎ እንዲለምድ ከነላስቲኩ ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጉት፤ ከፋርማሲ የጉሉኮስ ቱቦ ግዙ፣ ያችው መቆጣጠሪያ ያላት። አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ፣ ሌላውን ባልዲው ውስጥ፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ አሳውን ብቻ በመረብ አውጡት፣ ባልዲው ውስጥ የቀረውን ውሃ ድፉት።